እማዬ ያለ ሰው እጅ የምትሳፈርባት መኪና

መኪና ስንፈልግ እማዬን ይዘናት ነበር የምንዞረው። ጉልበቷን ያማታል። ያኔ የነበረችን ዲኤክስ ኮሮላ ዝቅ ያለች ስለሆነች እማዬ ስትገባ መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ እኔ አነሳላታለሁ። ስትወርድ ደግሞ ሁለት ሰው ይጎትታታል። ትልልቆቹ ላንድክሩዘሮች ጋ ስንሄድ ተቃራኒው ሆነ፤ መወጣጫ ካልተቀመጠላት አትደርስባቸውም። ጥቅምት 2006 ላይ ገርጂ አካባቢ አንድ መኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ ብርማ ቀለም ያላት ራቭ ፎር ቆማ አየን። እማዬ የጋቢናውን በር ራሷ ከፈተችው። ዘወር አለችና ቁጭ አለች። ወንበሩ ከዳሌዋ እኩል ነበር። «ይቺ ትሁን» አለች። ባለቤቴ ሞተሩን ገና አላየም።

ያቺ መኪና ዛሬም ደጃችን ላይ ናት። ከገዛናት አሥራ አንድ ዓመት ተኩል ሆነ። ቶዮታ ራቭ ፎር፣ ሁለተኛው ትውልድ፣ በፈረንጆቹ የ2002 ስሪት። ባለ አምስት በር፣ ባለ 2 ሊትር ቤንዚን፣ ማኑዋል ባለ አምስት ማርሽ፣ አራቱም ጎማዋ ሁልጊዜ የሚገፋ። የመጣችው ከአውሮፓ ነው፤ መሪዋ ከፋብሪካ ጀምሮ በግራ ነው። ይህን ከሻጩ ደጋግሜ ነው የጠየቅሁት፣ ምክንያቱም በጊዜው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪኖች ገበያው ላይ ስለነበሩና ልጆች የምጭንበት መኪና መሪው በሰው እጅ የዞረ እንዲሆን ስላልፈለግሁ። ስንገዛት 88 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር። ትናንት ማታ ሳየው 241 ሺህ 300 ይላል። የከፈልነው 560 ሺህ ብር ነው። ግማሹ ያጠራቀምነው፣ ሩቡ ከዕቁብ የወጣልን፣ ቀሪው ዲኤክሷ የተሸጠችበት።

ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ። ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አሁን ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ሥራ፣ የዕቃው ዋጋ፣ የእጅ ዋጋ። ነዳጅም አይቀረኝም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈውን ቁጥር ከደብተሩ እያየሁ ነው የምጽፈው።

ሰዎች «ራቭ ፎር አትበላሽም» ሲሉ እሰማለሁ። ትበላሻለች። ደብተሬ ውስጥ ከመቶ በላይ መስመር ተጽፏል። እኛ ተማምነንባት የኖርነው ሕመሟን ስለምትናገር ነው። ኩሽኔታዋ (ጎማው የሚሽከረከርበት ክፍል) ሊሄድ ሲል ሳምንታት ቀድማ ታጉረመርማለች። ማርሽ ስንቀይር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ፍሪሲዮኗ ሊያልቅ ሲል ፔዳሉ ከላይ መያዝ ጀመረ፣ ሁለት ወር ሙሉ እያስጠነቀቀች ወደ ሥራ አመላለሰችኝ። ባትሪዋ ሲደክም ጠዋት ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይጎተታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ምንም አትደብቅም። በአሥራ አንድ ዓመት ተኩል ውስጥ መንገድ ላይ ያቆመችን አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም በእሷ ጥፋት አልነበረም። ወደዚያ እመጣለሁ።

የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ስንገባ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ገና ኮረኮንች ነበር። ክረምት ሲመጣ ጭቃና ጎርፍ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ዝቅ ያሉ መኪኖቻቸውን ዋናው አስፋልት ዳር አቁመው ቦቲ አድርገው ይገቡ ነበር። እኛ በር ድረስ እንገባለን። ትንሿ ልጄ ያኔ የአራት ወር ሕፃን ናት። በዝናብ ውስጥ ሕፃን ታቅፎ ጭቃ ላይ መራመድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ክረምት ብቻ እንኳን የተከፈለባት ገንዘብ የወጣላት መስሎኛል። አራቱም ጎማ ስለሚገፋ ጭቃው ውስጥ ስትገባ ምንም የሚነካ ቁልፍ የለም፤ ማርሹን አንደኛ ላይ አድርጎ ነዳጁን ሳይረግጡ ቀስ ብሎ መውጣት ነው።

የኋላ ወንበሮቿ ሁለት ቦታ የተከፈሉ ናቸው። ይታጠፋሉ፣ ወደፊት ይገለበጣሉ፣ ከፈለጉ ደግሞ ጭራሽ ወጥተው ቤት ይቀመጣሉ። ለበዓል ሰሞን አንዱን አውጥቼ ሳሎን ጥግ አስቀምጠዋለሁ። በወጣው ቦታ አንድ ኩንታል ጤፍ ተጋድሞ በጎኑ ሽንኩርትና ዘይት ይገባል። ለፋሲካ በግ ጭነንባታል፤ ሸራ አንጥፈን፣ እግሩን አስረን፣ ልጆቹ ከጎኑ ተቀምጠው ራሱን እየዳበሱ። ላቫጆ ቤት ሁለት ጊዜ ታጥባ ነው ሽታው የለቀቀው።

የኋላ በሩ ግን አሁንም ያናድደኛል። ወደ ላይ የሚነሳ ሳይሆን እንደ ቤት በር ወደ ጎን የሚከፈት ነው፤ ትርፍ ጎማውም በሩ ላይ ነው የተሰቀለው። ማጠፊያው በቀኝ በኩል ነው። በግራ መስመር ለሚነዳበት ለጃፓን ጥሩ ነው፣ ከእግረኛ መንገድ ዕቃ ሲጫን በሩ አያግድም። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። መንገድ ዳር አቁሜ ዕቃ ላስገባ ስል በሩ በእኔና በእግረኛ መንገዱ መካከል ገብቶ ይቆማል። ከኋላዬ ተጠግቶ የቆመ መኪና ካለ ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም። አትክልት ተራ ስንት ጊዜ ካሮቴን በጎን በር አስገብቻለሁ።

አሁን ወደዚያ ቀን።

ጥር 2010 ነው። ለአስተርዮ ማርያም ወደ ደብረ ማርቆስ፣ እማዬ ወደ ተወለደችበት አገር እየሄድን ነው። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ወጣን። ጎሐ ጽዮን ቁርስ በላን። ከዚያ የአባይ በረሃ ቁልቁለት ጀመረ። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከሺህ ሜትር በላይ ነው ወደ ታች የሚወረደው። ባለቤቴ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚያወርዳት፤ ሞተሯ ራሱ ይይዛታል፣ ፍሬን አልፎ አልፎ ብቻ ይነካል። ከፊታችን የሚወርዱት መኪኖች ፍሬን ሲቃጠል በመስኮት ይሸተናል። ታች ስንደርስ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ስንሻገር እማዬ እንደ ልማዷ አማተበች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይቺ መኪና አባይ ግርጌ ላይ ሌላ መኪና ትሆናለች። ፋብሪካው 150 የፈረስ ጉልበት ይላታል፤ አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። አየር እየገፋ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም። ታች ስንወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጅ ስትረገጥ ወዲያው ትነሳለች። ባለቤቴ ይህን ስለሚያውቅ የደጀንን ዳገት ሲጀምር ደስ ይለዋል።

ያን ቀን ደስታው አልቆየም። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሞተሯ ተንቀጠቀጠ። መሪው እጁ ውስጥ ይርገበገባል። ቢጫዋ የሞተር ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ልቤ ቀጥ አለ። ዳር አስያዘ፣ ልጆቹን በተራራው በኩል አወረድናቸው፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረግን። እማዬ ከጋቢና አልወረደችም። ሙቀቱ፣ ገደሉ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት ከባድ መኪኖች። አልረሳውም።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ባዶ አይሱዙ ከኋላችን ቆመ። ሾፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው። ሰላም ብሎን ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣል አደረገና «ከአራቱ በሦስት ሲሊንደር ብቻ ነው የምትሠራው» አለ። ኮፈኑን ከፈተ። የሞተሩን የፕላስቲክ ሽፋን አነሳ። ካንዴላው ነዳጁን የሚያቀጣጥልበትን ኤሌክትሪክ የሚሰጡት አራቱ ቦቢናዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ፣ ከካንዴላው በላይ። ሞተሩ እየሠራ የመጀመሪያውን ሶኬት ነቀለው። ሞተሩ ይበልጥ ተንገዳገደ። መለሰው። ሁለተኛውን ነቀለ፣ አሁንም ተንገዳገደ። መለሰው። ሦስተኛውን ሲነቅለው ምንም ለውጥ የለም። «ይቺ ናት» አለ። ሞተሩን አስጠፋ። እያንዳንዱ ቦቢና በአንዲት ቡሎን ብቻ ነው የታሰረው፤ በ10 ቁልፍ ፈታትና ወደ ላይ ጎትቶ አወጣው። የቦቢናው ታችኛ የጎማ ሽፋን ላይ እንደ እርሳስ መስመር የቀጠነች ጥቁር የቃጠሎ ሰንበር ነበረች። የሌሎቹ ሦስት ቦቢናዎች አካል ግራጫ ነው፣ የዚችኛዋ ጥቁር።

«እህቴ፣ ይሄን መቼ ነው የቀየራችሁት?»

ደብተሬን አወጣሁ። መስከረም 12፣ 2010። 139 ሺህ 700 ኪሎ ሜትር ላይ። ቦቢና አንድ። አራት ወር ብቻ ነው። በካርቶን የታሸገ፣ የታወቀ የጃፓን ስም የታተመበት፣ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ እምላለሁ» ብሎ የሸጠልኝ። ከፋብሪካ ይዛቸው የመጣቻቸው ሦስቱ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ይሠራሉ። የተቃጠለው የእኔው ግዢ ነው።

ሾፌሩ የሞተውን ቦታው መልሶ አሰረው። «ቀስ ብላችሁ፣ ሳታስጮኋት፣ ደጀን ትገባላችሁ። እኔ ከኋላ ነኝ» አለን። በሁለተኛ ማርሽ፣ በሦስት ሲሊንደር፣ ያን ዳገት አምስታችንን ተሸክማ ወጣችው። አይሱዙው ከኋላችን ፍሬቻውን እያበራ ሸኘን። ደጀን ስንደርስ ብር ልሰጠው ስል እጄን መለሰው። እማዬ መስኮቱን አውርዳ «መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ» አለችው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀበላት። እዚያ ያገኘነው መካኒክ ደብረ ማርቆስ ወዳጁ ጋ ደውሎ ያገለገለ ኦሪጅናል ቦቢና በሚኒባስ አስላከልን። ሲደርስ የመግጠሙ ሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብረ ማርቆስ ገባን።

ያ ቦቢና እስከ ዛሬ ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ ስገዛ ሌላ ሰው ሆኛለሁ። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስሄድ አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ይዤ ነው። ሻጩ አዲሱን ሲያወጣ ሁለቱን በሁለት እጄ ይዤ እመዝናለሁ። የውሸቱ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። የታተመውን ቁጥር በጥፍሬ እፈትገዋለሁ፤ በቀለም የተጻፈ ከሆነ ይለቃል። የሶኬቱን ፕላስቲክ ጠርዝ አያለሁ፣ ያልተላገ ትርፍ ካለው እመልሳለሁ። ሻጮቹ መጀመሪያ ይበሳጫሉ፣ ኋላ ግን ራሳቸው «ለእርስዎ የሚሆነው ይሄ ነው» ማለት ጀመሩ። ለፍሬን ሸራ፣ ለቦቢና፣ ለውሃ ፓምፕና ለኩሽኔታ አልደራደርም፤ አዲሱ ኦሪጅናል ከሌለ ያገለገለ ኦሪጅናል እገዛለሁ። የስፖኪዮ መስታወት፣ የመብራት ሽፋን፣ የወለል ምንጣፍ የሚባለው ከየትም ቢመጣ ግድ የለኝም። ይህን ሁሉ ማማረጥ የቻልኩት ዕቃው ስላለ ነው። ይቺ መኪና አገሩ ውስጥ ብዙ እህቶች አሏት። የራቭ ፎር ሞተር ከፍቶ የማያውቅ መካኒክ አዲስ አበባ ውስጥ አላጋጠመኝም። ከእሷ የሚያምሩና የሚለሰልሱ መኪኖች የገዙ የሥራ ባልደረቦቼ አንዲት ሴንሰር ከዱባይ እስክትመጣ ሦስት ሳምንት በታክሲ ሲመላለሱ አይቻለሁ።

ሌላው የተጎዳሁበት ነገር ውሃ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ በ2011 ሰርቪስ ሲያደርግልኝ የራዲያተሩን ፈሳሽ አፍስሶ የቧንቧ ውሃ ሞልቶበታል። አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። የሙቀት መርፌዋ ሁልጊዜ ከመሃል ዝቅ ብላ ነው የምትቆመው፤ ክረምት ሆነ በጋ ንቅንቅ አትልም። በ2012 ሚያዝያ ላይ ሳሪስ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ሳያት የመርፌዋ አንድ ውፍረት ያህል ከፍ ብላለች። ሌላ ሰው ላያየው ይችላል። እኔ ግን በየቀኑ ነው የማያት። የሞተሩን ሙቀት እንዲወስድ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ መስኮቶቹን አወረድኩ፣ መርፌዋ ተመለሰች፤ ቀስ ብዬ ወደ መካኒኬ ሄድኩ። ራዲያተሩ ሲከፈት የወጣው ውሃ የሻይ ቀለም አለው። ዝገት ነው። ራዲያተሩን አስቀየርኩ፣ ውስጡን ሦስት ጊዜ አሳጠብኩ፣ ቀዩን ኩላንት አስሞላሁ። አብሮት የሚሠራው ልጅ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ክዳን «ተርሞስታቱን እናውጣውና ይገላገሉ» አለኝ። እንቢ አልኩ። ተርሞስታት ከወጣ ሞተሩ በአዲስ አበባ ብርድ ሙቀቱን ቶሎ አያገኝም፣ ነዳጅም ይበላል። መካኒኬ ራሱን ነቅንቆ «ልክ ነዎት» አለኝ። ያን ቀን መርፌዋን ባላይ ኖሮ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ ይጣመም ነበር።

ዘይት በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። አቧራችንና የመኪና ሰልፋችን ታስቦ ከዚያ በላይ መጠበቅ አይመቸኝም። የአየር ፊልትሮዋን በየሰርቪሱ አስወጥቼ አያታለሁ። የሞተሯን ክፍሎች አብረው እንዲዞሩ የሚያስተሳስረው ታይሚንጓ በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት ስለሆነ በየመቶ ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር የታይሚንግ ቺንጋ ወጪ የለባትም፤ ሰንሰለቱ ግን ዕድሜው በዘይቱ ንጽሕና ላይ የተንጠለጠለ ነው። እስካሁን አልተነካም።

ስለ ጎማ የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ልናገር። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ በሚገፋ መኪና ላይ አራቱም እኩል መሆን አለባቸው። ልኩ ብቻ አይደለም፣ ጥርሱ የተበላበትም መጠን። ልኳ 215/70 አር 16 ነው። በ2009 የፊቶቹ ሁለቱ ሲያልቁ ሁለት አዲስ ገዝቼ አስገጠምኩ። ጎሚስታው ምንም አላለኝም። መካኒኬ ግን ሲያይ ተቆጣ። አዲሱ ጎማ ከአሮጌው በትንሹ ይተልቃል፣ ስለዚህ የፊቱና የኋላው እኩል አይዞሩም፤ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው የመሃሉ ዲፈረንሻል ያንን ልዩነት ቀኑን ሙሉ እየተሸከመ ይሞቃል። በሳምንቱ ሌሎቹን ሁለቱን ገዛሁ። አሁን በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ከፊት ወደ ኋላ አዟዙራቸዋለሁ፣ አራቱም አብረው ያረጃሉ።

ነዳጅ ትበላለች። ከተማ ውስጥ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር፣ ከከተማ ውጪ 11። ቪትዝ ያላት እህቴ ሁልጊዜ ትመክረኛለች። ስንገዛት ሊትሩ ሃያ ብር ገደማ ስለነበር ሃምሳ ሊትር በሺህ ብር እንሞላ ነበር። በጥቅምት 2016 ሊትሩ 77 ብር ከ65 ሳንቲም ገባ። በ2017 መቶ ብር አለፈ። ያው ሃምሳ ሊትር አሁን በቴሌብር ስከፍል ከአምስት ሺህ በላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ልማዳችን ተቀይሯል። ሥራ በሰርቪስ እሄዳለሁ፣ እሷ ለልጆቹ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለእማዬ ሐኪም ቤት ቀጠሮና ለቅዳሜ ገበያ ናት።

የጥገናውን ድምር ትናንት ማታ ደመርኩት። ነዳጅ፣ ኢንሹራንስና ቦሎ ሳይገባበት፣ ጎማና ባትሪ ግን ገብቶበት፣ በአሥራ አንድ ዓመት ተኩል 486 ሺህ ብር። ትልቁ 198 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ የተቀየረው ፍሪሲዮን ነው። የዛሬው ዋጋ ከድሮው ጋር ስለማይገናኝ ድምሩ ብዙ አይናገርም ይሆናል፤ ያኔ ዘጠኝ መቶ ብር የነበረው የዘይት ሰርቪስ ዛሬ ከስድስት ሺህ በላይ ነው። ለእኔ ግን የሚናገረው ነገር አለ፦ አንድም ዓመት ላይ ያልጠበቅሁት ወጪ መጥቶ ቤቱን አላናጋም።

የማልወድላት ነገር አለ። ፍጥነት መንገድ ላይ ትጮሃለች። አዳማ ስንሄድ በ110 ላይ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከሦስት ሺህ ያልፋል፤ ስድስተኛ ማርሽ የለም፣ የጎማው ድምፅ ይገባል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከፊት የሚወራውን አይሰማም። ኮብልስቶን ላይ የኋላ አካሏ ጠንካራ ነው፣ ትነጥራለች። ከኋላ መሃል የሚቀመጥ ሰው ከሰሚት ገርጂ ድረስ ይችላል፣ ደብረ ማርቆስ ድረስ ግን ያሳዝነኛል። ያ ቦታ የትልቁ ልጄ ነበር፣ አሁን ቁመቱ ከአባቱ አልፏል፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ ነው የሚሄደው።

ይቺን ሞዴል ዛሬ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ካለ ሦስት ነገር ይመልከት። የመጀመሪያው ከሞተሩ ጀርባ ነው። በዚህ ባለ 2 ሊትር ሞተር ላይ ከኋላ በኩል ያሉት የቴስታታ ቡሎኖች የሚያዙበት ጥርስ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ ሊለቅ እንደሚችል በመካኒኮች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የራዲያተር ውሃ ቀስ በቀስ ከቀነሰ ወይም ጀርባው ላይ የደረቀ የኩላንት ምልክት ከታየ ዋጋ ሳይነጋገሩ መካኒክ ይጥሩ። ጥርሱ በቶርኖ ቤት ይሠራል፣ ግን ሞተር የሚያስወርድ ሥራ ነው። ሁለተኛው ለኦቶማቲክ ፈላጊዎች ነው። ከ2001 እስከ 2003 በፈረንጆቹ የተሠሩት ላይ የሞተሩ ኮምፒውተር ሊበላሽ ይችላል፤ ያኔ ማርሹ እየመታ መቀያየር ይጀምራል። ሞተሩ ሞቆ፣ ዳገት ላይ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይነዷት አይግዙ። ሦስተኛው ከአውሮፓ የመጣች ከሆነች ሥሯ ነው። እዚያ በክረምት መንገድ ላይ ብረት የሚያዝግ ጨው ይበተናል። ክሪክ ላይ አስነስተው የታችኛውን ብረት በመፍቻ መታ መታ ያድርጉት፣ ድምፁ ይነግርዎታል። የኋላ በሩንም ከፍተው በእጅዎ ከፍ ዝቅ ያድርጉት፤ የትርፍ ጎማው ክብደት ማጠፊያውን አላልቶት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ጥር 2016 ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደላሎች ይደውላሉ። ባለፈው አንዱ ሁለት ሚሊዮን ተኩል አለኝ። ወንድሜ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፤ ጸጥ ያለች፣ የምታምር ናት፣ ለከተማ ሥራ ከእሱ ጋር አልከራከርም። እማዬን ይዤ ሄጄ አስቀምጫት ነበር። ወንበሩ ዝቅ ይላል። እግሯን እንደ ድሮው እኔ ነኝ ያነሳሁላት፤ ስትወርድም ትከሻዬን ይዛ ነው። ምንም አላለችም። ወደ ራቭ ፎሯ ስትመለስ ግን በሩን ከእጄ ቀድማ ከፈተችው። ለደላላው አልሸጥም አልኩት።

አሁን ከሳምንት ወዲህ ከኋላ በቀኝ በኩል ቀጭን ጉርምርምታ ጀምራለች። ከ60 በላይ ስሄድ ይሰማል። ወደ ግራ ስታጠፍ ይብሳል፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ይጠፋል። ክብደቱ ወደ ቀኝ ሲያርፍ ነው የምትጮኸው ማለት ነው፤ የኋላ ቀኝ ኩሽኔታ። 241 ሺህ 300 ላይ ጽፌዋለሁ። ዕቃውን ሐሙስ አሮጌ ቁጥሩን ይዤ ሶማሌ ተራ እፈልገዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት መካኒኬ ጋ ቀጠሮ አለን።